መኪናው ለምን አልነሳም አለ?

በአንድ የነሐሴ ማለዳ ሞላሌ ላይ መኪና እንጠብቅ ነበር። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። አሥር እርምጃ የራቀ ሰው አይለይም። ሌሊቱን ሲያካፋ ስላደረ ልብሳችን ርሷል።

እንዲህ ቆመን ሳለ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ቃሬዛው ላይ ባና የለበሰች ሴት ተኝታለች። ምጥ ይዟት አድራለች። መሐል ሜዳ ሆስፒታል መድረስ አለባት። በዚያ ሰዓት የተገኘው አንድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ብቻ ነው።

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ርርር አለ። ሞተሩ ግን አልነሳም። ደግሞ አዞረ። አሁንም እምቢ። ሦስተኛ፣ አራተኛ ሞከረ። የሞተሪኖው ድምፅ እየደከመ ሄደ።

«ቤንዚን አልቆበት እንዳይሆን፣ ልጄ?» አሉ አንድ አዛውንት።

«የለም አባባ፣ ትናንት ማታ ነው የሞላሁት» አለ ሾፌሩ።

«እንግዲያስ እንግፋው!» አለ ሌላው። ገፋነው። ጭቃው ውስጥ ተንሸራተትን እንጂ ሞተሩ አልሰማንም። የሴትየዋ ባል ቃሬዛው አጠገብ ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ መኪናውን ያያል።

በዚህ ጊዜ የሾፌሩ ረዳት፣ «ጋሼ፣ ባትሪውን አይጨርሱት። ቁልፉን ይዝጉትና እስቲ ኮፋኖውን ልክፈተው» አለ። ከፈተ። ከወንበር ሥር ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አወጣ። ሞተሩ ላይ ያለችውን ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ፈትቶ ውስጧንም ውጭዋንም ጠረገ። ከእሷ የሚወጡትን ወፋፍራም ሽቦዎች አንድ በአንድ አደረቀ። ክዳኗን ወደ ቦታዋ መለሰ። «አሁን ይሞክሩት» አለ።

ሞተሩ ተነሳ።

መንገድ ላይ፣ «በምን አወቅህ?» ብለን ጠየቅነው። «ቤንዚን አለ። ሞተሪኖው ይዞራል። የቀረው እሳት ነው። እሳት ደግሞ ውሃ አይወድም» አለን።

ይህ አነጋገር ከልባችን አልወጣም። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ገጻችን ስለ ሞተር እሳት ይሆናል።

«እኔ መኪና የለኝ፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን መኪና ባይኖረንም መኪና እንከራያለን። የታመመ እናሳፍራለን። የቤንዚን ባጃጅና ሞተር ብስክሌትም በዚሁ እሳት ነው የሚሠሩት። ወንዝ ዳር አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ያለው ትንሽ የቤንዚን ውሃ መሳቢያም እንዲሁ ነው። አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመረዳት አይቸገርም።

ሞተር የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛ አየር፣ ሁለተኛ ቤንዚን፣ ሦስተኛ ብልጭታ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነሳም።

ሞተሩ ውስጥ እንደ ሙቀጫ ያሉ ክብ ጉድጓዶች አሉ። እነዚህ ሲሊንደር ይባላሉ። በየሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት እንደ ዘነዘና ይወጣል፣ ይወርዳል። ሥራው አራት ነው። ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያወጣል። አየርና ቤንዚን ይስባል። የሳበውን ይጨምቃል። በብልጭታ ያቃጥላል። የተቃጠለውን ጭስ ወደ ውጭ ያወጣል። መኪናውን የሚገፋው የሦስተኛው ሥራ ጉልበት ነው።

የወፍጮ ቤት ሞተርና ትልልቁ አውቶቡስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣ ነው የሚሠሩት። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን እጅግ አጥብቆ ስለሚጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ ቤንዚን ሞተር ብቻ ነው።

ብልጭታው ከየት ይመጣል?

ብልጭታው ከባትሪ ይነሳል። የአብዛኛው መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። ቮልት ማለት የኤሌክትሪክ ግፊት ልክ ነው። ከዝቅተኛ ድንጋይ ላይ የሚወርድ ውሃና ከመንዝ ገደል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ውሃ ጉልበታቸው እኩል አይደለም። ቮልትም እንዲሁ ነው።

12 ቮልት ትንሽ ነው። በተጨመቀ አየር መካከል ዘሎ ብልጭ ማለት አይችልም። ስለዚህ ቦቢና ወደሚባል ዕቃ ይሄዳል። ቦቢና ውስጥ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ አለ። ቦቢና 12ቱን ቮልት ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል።

እንዴት? የቡሄ ዕለት ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ አይታችሁ የለም? ጅራፉ የሚጮኸው ሲዞር ሳይሆን በድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። ቦቢናም እንደዚያ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲፈስ ቆይቶ በድንገት ሲቋረጥ ያን ጊዜ ትልቁ ግፊት ይወለዳል። በአሮጌ መኪና ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጡት ፑንቲና የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ይገጥማሉ፣ ይላቀቃሉ። በአዳዲስ መኪና ይህን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው።

ከቦቢና የወጣው ትልቅ ግፊት ወደ ዲስትሪቢዩተር ይሄዳል። እኛ እሳት አከፋፋይ እንበለው። ያች ረዳቱ የጠረጋት ጥቁር ክዳን የእሳት አከፋፋዩ ክዳን ናት። ከውስጧ አንዲት ጣት እየዞረች ለየሲሊንደሩ ድርሻውን ትሰጣለች። በብዙ አዳዲስ መኪና ግን እሳት አከፋፋይ የለም። በየካንዴላው አናት ላይ አንዳንድ ቦቢና ይቀመጣል።

መጨረሻ ላይ እሳቱ ካንዴላ ይደርሳል። ካንዴላ ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት አለው። ብልጭታው ያን ክፍተት ዘሎ ቤንዚኑን ይለኩሳል። ካንዴላ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ነው። ኮፋኖና ሞተሪኖም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

አንባቢዎቻችን፣ እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ አንድ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብልጭታ ይፈልጋል። 3,000 ለ2 ሲካፈል 1,500 ነው። ሲሊንደሮቹ 4 ከሆኑ 1,500 በ4 ሲባዛ 6,000 ይሆናል። በአንድ ደቂቃ 6,000 ብልጭታ ማለት በአንድ ሴኮንድ 100 ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰዓቱን ጠብቆ መሆን አለበት። ወንጭፍ የሚወነጭፍ ልጅ ድንጋዩን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢለቅ ወፉን ይስታል። ሞተርም ብልጭታው ከጊዜው ከቀደመ ይንኳኳል፤ ከዘገየም ይደክማል፣ ይግላል።

ደጋችን በሞተር እሳት ላይ የሚያደርገው

የመንዝና የግሼ ደጋ ብዙው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ይህ ከፍታ የሞተርን እሳት በሁለት መንገድ ይፈትነዋል።

አንደኛው ጉምና ውርጭ ነው። ማታ ሞተሩ ሲበርድ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ክዳኗና ሽቦዎቹ ላይ ይቀመጣል። ክዳኗ ቆሻሻ ከያዘች ወይም ሽቦው ከተሰነጠቀ 20,000ው ቮልት ካንዴላ ሳይደርስ በእርጥበቱ በኩል ያመልጣል። ውሃ የሚያፈስ እንስራ ቤት ሲደርስ ባዶ እንደሚሆን ማለት ነው። በሞላሌ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በባሕር ዳርቻ አንድ ሞተር የሚያገኘው አየር 100 እጅ ቢሆን፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚያገኘው 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ሲወጣ አየሩ ያንሰዋል፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ብዙ ቤንዚን በትንሽ አየር አይቃጠልም። ጥቀርሻ ይሆናል። ጥቀርሻው ካንዴላው ላይ ተለጥፎ ብልጭታውን ያደክመዋል። በበጋ ደግሞ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው ጥቀርሻው ይብሳል። ስለዚህ ከመርሐቤቴ ቆላ ወደ መንዝ ደጋ የሚመላለስ መኪና ካንዴላው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

በተራ መመልከት

ብዙ ሰው መኪና እምቢ ሲለው ያገኘውን ይነካል። እንዲህ አይደለም። እሳቱ በሚሄድበት መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በተራ ማየት ይበጃል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ይብረድ፤ ቁልፉም ይነቀል።

1. ባትሪ። የባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኤሌክትሪክ በደንብ አያልፍም። ባትሪው ላይ የመደመር (+) እና የመቀነስ (−) ምልክት አለ። ሲፈታ መጀመሪያ የመቀነሱ፣ ሲታሰር መጨረሻ የመቀነሱ ይሁን። ዱቄቱን በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጽድታችሁ አድርቁት። ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ላዩን ግራሶ ቀቡት። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ ባትሪ ያበላሻል።

2. ቦቢና። ላዩን ጥረጉት። የተሰነጠቀ ወይም ዘይት የሚያወጣ ከሆነ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

3. የእሳት አከፋፋይ ክዳን። ከፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ውስጧን በብርሃን እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካያችሁ እሳቱ የሚያመልጥበት ስንጥቅ ነው። ክዳኗ ትለወጥ። ፑንቲና ያለው መኪና ከሆነ ፑንቲናዎቹ መቃጠላቸውንና መቦርቦራቸውን ተመልከቱ። ክፍተታቸው በብዙ መኪና 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

4. ወፋፍራም ሽቦዎች። ጎማቸው ደርቆ ከተሰነጠቀ ይለወጡ። ጉዳቱን ለማወቅ ሌላም ዘዴ አለ። በጨለማ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ኮፋኖውን ከፍታችሁ ከሩቅ እዩ። ሽቦው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ በዚያ በኩል እሳቱ ያመልጣል። በዚህ ጊዜ እጅ አይነካ!

5. ካንዴላ። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ያለውን አቧራ አጽዱ፤ አለዚያ ቆሻሻው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አንድ በአንድ ፍቱ። ጥቀርሻውን በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ክፍተቱን ለኩ። በብዙ መኪና 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለዐሥር ተከፍሎ ስምንቱ እጅ ነው። የየመኪናው ትክክለኛ ልክ በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ስትመልሱ መጀመሪያ በጣታችሁ አጥብቁ፤ ከዚያ በቁልፍ ጥቂት ብቻ። በኃይል ያጠበቀ ጥርሱን ይበላዋል።

ሞተሪኖው ብዙ ጊዜ ከዞረና ሞተሩ ካልነሳ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ይርሳሉ። ያን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መሞከር ነው። ቁልፉን ያለ ዕረፍት ማዞር ባትሪውን መጨረስ ብቻ ነው የሚሆነው።

የካንዴላ ጫፍ ይናገራል

የካንዴላውን ጫፍ ቀለም ያየ ሰው የሞተሩን ጤና ያውቃል። ሐኪም ምላስ አይቶ እንደሚመረምር ማለት ነው።

ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው።

ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፤ ወይም ብልጭታው ደክሟል።

ጥቁር ሆኖ በዘይት የረጠበ ከሆነ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደር ይገባል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

እንደ አመድ ነጭ ሆኖ የተላጠ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ይህም ለመካኒክ ይነገር።

ቁጥር ያወቀ ሽቦ አይቀላቅልም

እሳቱ ለሲሊንደሮቹ የሚታደለው በ1፣ 2፣ 3፣ 4 ተራ አይደለም። አራት ሲሊንደር ባላቸው ብዙ መኪናዎች ተራው 1-3-4-2 ነው። ሌላ ተራ ያላቸውም አሉ። ሽቦዎቹን አንድ ላይ ነቅሎ እንዳገኘ የመለሰ ሰው ደኅናውን መኪና ያበላሻል። ሞተሩ ይተኩሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ጨርሶ አይነሳም። ቤንዚንም አለ፣ ብልጭታም አለ፤ ግን ብልጭታው የሚደርሰው ከተራው ውጭ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በየሽቦው ላይ ትንሽ ወረቀት ማሰር፣ በወረቀቱም ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ መጻፍ ነው። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ቁጥር መጻፍና ማንበብ ይበቃል። እናንተም ይህን አሁን ትችላላችሁ።

መኪና ወይም የውሃ መሳቢያ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ደብተር ይኑረው። በየገጹ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦

ቀን፦ ጥቅምት 5
ኪሎ ሜትር፦ 84,200
የተሠራው፦ 4 ካንዴላ ተለወጠ፤ ክዳን ተጠረገ
የታየው፦ የ3ኛው ካንዴላ ጥቁር ነበር

ተራ ካንዴላ በ20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለወጣል ይባላል። በደጋና በአቧራ ግን ቀድሞ መመልከት ይሻላል። የተጻፈ ነገር አይረሳም። መካኒክም ደብተሩን ሲያይ በግምት አይሠራም፤ የእናንተም ገንዘብ በከንቱ አይወጣም።

ተጠንቀቁ!

ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ወፋፍራሞቹን ሽቦዎች አትንኩ። ከባድ ንዝረት አለው። ሰውየው ሲደነግጥ እጁ ቺንጊያ ወይም ማራገቢያ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ባትሪና ቤንዚን አጠገብ ሲጋራ፣ ኩራዝ፣ ክብሪት አይቅረብ። ከባትሪ የሚወጣው አየር ይፈነዳል። የባትሪው አሲድም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ከነካችሁ በብዙ ውሃ ታጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ውርጭ ሲበዛ ከቤንዚን ሞተር ሥር ፍም አታስቀምጡ። ስንቱ ንብረት በእንዲህ ያለ ነገር ይጠፋል!

ሞተር ሲታጠብ ውሃ እሳት አከፋፋዩና ሽቦዎቹ ላይ አይረጭ።

ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ያለውን አዲስ መኪና ሽቦ እየነቀሉ መሞከር ዕቃውን ያቃጥላል። እሱ ለመካኒክ ይተው።

አሮጌው እስኪያርፍ

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ መጥቷል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ካንዴላም ቦቢናም የለውም። ቢሆንም በገጠር መንገዳችን ላይ አሮጌው የቤንዚን መኪና ገና ይሠራል። እስኪያርፍ ድረስ መንከባከብ የኛ ፋንታ ነው።

ያች የሞላሌዋ ሴት መሐል ሜዳ ደረሰች። በሐኪም እጅ ወለደች። ባልየው ረዳቱን አቅፎ ሲስመው ረዳቱ አፍሮ፣ «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ፤ ጨርቅ ነው እንጂ» አለ።

እኛ ግን ጨርቁ ብቻ አይደለም እንላለን። ጨርቅ በሁላችንም ቤት አለ። የት እንደሚጠረግ ማወቁ ነው የጎደለን።

እንወያይበት

1. የቤንዚን ሞተር ለመነሳት የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. በክረምት ማለዳ መኪና እምቢ ቢል መጀመሪያ ምን ይደረጋል?
3. ካንዴላ በደጋ ቶሎ የሚጠቁረው ለምንድን ነው?
4. በቀበሌያችሁ የቤንዚን ሞተር ያለው ማነው? የጥገና ደብተር አለው? ከሌለው የመጀመሪያውን ገጽ አብራችሁት ጻፉ።